ጭሱን ብቻ አንውቀስ

ኅዳር ሲገባ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት መልኩ ይለወጣል። ክረምቱ ያጠገበው መሬት ደርቆ አቧራው መነሳት ይጀምራል። የጽጌ ጾም አብቅቶ ኅዳር 6 የቁስቋም ማርያም ንግሥ ሲደርስ ነጠላ ያጣፋ ምእመን ገና ሳይነጋ መንገዱን ይሞላዋል። ማለዳው ብርድ ነው። ከየጓሮው ማዕድ ቤት የሚወጣው የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ በቆርቆሮው ጣራ ላይ ይተኛል። ስድስት ቀን ቆይቶ ኅዳር 12 ሚካኤል ይውላል፤ በዚያን ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻው ተጠርጎ፣ ተከምሮ ይቃጠላል፤ ኅዳር ይታጠናል። በዚህ ሰሞን በዳገቱ ላይ ባለው ቁስቋም ሰፈር ውስጥ ዓይኑን የማያሽ ሰው ማግኘት ይቸግራል፤ «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ የሚጠይቅም የለም። መልሱ አስቀድሞ ይታወቃላ። ጭስ ነው፣ አቧራ ነው፣ ብርድ ነው።

መልሱ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ማብራሪያ ዘጠኝ ጊዜ ልክ ከሆነ በዐሥረኛው ጊዜ ማንም አይመረምረውም። በኅዳር 12 የምናጤሰው ጭስ ራሱ የቫይረስ መታሰቢያ መሆኑን እናስታውስ። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎችን ጨረሰ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ተረፉ። በጊዜው የበሽታው ምክንያት ቫይረስ መሆኑን የሚያውቅ በዓለም ላይ አልነበረም። መጥፎ ሽታና የተበላሸ አየር ነው ተብሎ ታመነ፤ ስለዚህ ከተማው ታጠነ። ልማዱ ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ፤ ሰፈርን በዓመት አንድ ቀን ማጽዳቱም የሚናቅ ቁም ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ የተማርነው ነገር አለ። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም ከዚያ ይነሳል፦ የቀላና የሚቆረቁር ዓይን ብቻውን የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው፤ ከትኩሳት፣ ከሽፍታ፣ ከንፍፊት ወይም ከታመመ ጎረቤት ጋር ሲመጣ ግን የቫይረስ በሽታን ከሌሎች ምልክቶች ቀድሞ ሊጠቁም ይችላል። ጭስ የለመደ ሰፈር ይህን ጥቆማ መስማት ይሳነዋል። ዋጋውን የሚከፍሉትም ብዙ ጊዜ ሕፃናትና ድሆች ናቸው።

ዓይን ለምን እንዲህ ይሆናል? የዓይንን ነጭ ክፍልና የቆቡን ውስጥ የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ከአፍንጫና ከጉሮሮ ልስልስ ቆዳ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። እንባው በትንሽ ቱቦ ወደ አፍንጫ ይወርዳል፤ ሰው ሲያለቅስ ንፍጡ የሚመጣውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጉንፋን የሚያመጣ ቫይረስ ዓይንን፣ ዓይን የሚያጠቃ ቫይረስ ደግሞ ጉሮሮን ቢነካ የሚገርም አይደለም። በተጨማሪም ይህ ሽፋን ጥርት ያለ፣ የደም ሥሮቹም ከላይ የሚታዩ ስለሆነ፣ ሌላው ሰውነት ውስጥ ተሸፍኖ የሚካሄደው የመከላከል ትግል እዚህ ላይ በዓይን ይታያል። ቫይረሱ ሲገባ የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ እንባው ይበዛል፣ ቆቡ ያብጣል፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራል። ጭስም ያንኑ ያደርጋል። አካሉ ለሁለቱም የሚሰጠው ምላሽ ተመሳሳይ ስለሆነ ልዩነቱ የሚገኘው ከዓይኑ ሳይሆን ከታሪኩ ነው።

የጭሱን ታሪክ ቁስቋም ከማንም በላይ ያውቀዋል። በጠባቡ ማዕድ ቤት እንጀራ የምትጋግር እናት ምጣዱ ሥር የባሕር ዛፍ ቅጠል በእፍኝ እየጨመረች ታነዳለች። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ቶሎ ይቀጣጠላል፤ እርጥብ የሆነው ግን ሳይነድ ይጨሳል። ጭሱ መውጫ ሲያጣ ከጣራው ተመልሶ በፊቷ ላይ ይወርዳል፤ ሊጡን አዙራ አፍስሳ አክንባሎውን እስክትከድን ድረስ ፊቷን ወደ በሩ ታዞራለች፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች፤ ትመለሳለች። ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ላብና አቧራ፣ የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ቀኑን ሙሉ ጥለት ላይ ማፍጠጥና የጥጥ ብናኝ ዓይናቸውን ያደክመዋል። የእነዚህ ሁሉ ዓይን መቅላት የራሱ ጠባይ አለው። ሁለቱም ዓይኖች እኩል ይቀላሉ፤ ከሥራው ሲርቁ፣ ሲታጠቡ፣ ሌሊቱን ሲያርፉ ይሻላቸዋል፤ ትኩሳት የለውም፤ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ጎረቤት አይሄድም። የአለርጂውም እንዲሁ ነው፤ በደጋው ከተማ ብዙ ልጆችን በየዓመቱ የሚያሰቃየው የዓይን አለርጂ ዋና ምልክቱ ኃይለኛ ማሳከክ ነው፤ ልጁ ዓይኑን ሲያሽ ይውላል፤ ነገር ግን አብረውት የሚያድሩት ወንድሞቹ አይያዙም።

የቫይረሱ ጠባይ ከዚህ ይለያል። ለዓይን መቅላት ዋነኛው ተጠያቂ አዴኖቫይረስ የሚባለው ቤተሰብ ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይን ይጀምርና ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ሌላው ይሻገራል። የሚወጣው ፈሳሽ እንደ መግል የወፈረ ሳይሆን እንደ ውሃ የቀጠነ ነው፤ ጠዋት ላይ ግን ዓይናሩ ደርቆ ሽፋሽፍቱን ሊያጣብቀው ይችላል። ጣትን ከጆሮ ፊት ለፊት አሳርፎ ቀስ ብሎ ቢነኩ ሲጫኑት የሚያምም ትንሽ ንፍፊት ይገኛል፤ ጭስ ይህን አያደርግም። ጉሮሮ ሊያምም፣ ሰውነት ሊያተኩስ ይችላል። ቤት ውስጥ አንዱ ከታመመ በሳምንቱ ሁለተኛው ይከተላል፤ በሽታው በእጅ፣ በፎጣ፣ በትራስ ልብስ ይተላለፋልና። ቫይረሱ በደረቅ ዕቃ ላይ ለሳምንታት ሳይሞት መቆየት ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ የመርከብ ማምረቻዎች ሠራተኞች መካከል ሲዛመት የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ በዓይናቸው ብናኝ የገባባቸው ሠራተኞች ወደ ክሊኒክ ሄደው፣ በዚያው በተነካኩ እጆችና መሣሪያዎች ቫይረሱን ይዘው ይመለሱ ነበር። ለቁስቋም ሸማኔም ሆነ ለእንጨት ተሸካሚዋ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም፤ ብናኝ የነካው ዓይን ይታሻል፣ የሚያሸው እጅ ደግሞ ቫይረስ ያመጣል። ጭስና ቫይረስ ሁልጊዜ የሚቃረኑ ሁለት መልሶች ናቸው ብሎ ማሰብም ስለዚህ ልክ አይሆንም፤ አንዱ ለሌላው በር ሊከፍት ይችላል።

አንዳንዴ ይህ ዓይነቱ በሽታ አገር ያዳርሳል። በ1969 እ.ኤ.አ. ጋና ውስጥ የተነሳው፣ ዓይንን ደም እስኪመስል የሚያቀላ ወረርሽኝ አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ካረፈበት ጊዜ ጋር ስለገጠመ ሕዝቡ «አፖሎ» ብሎ ሰየመው፤ ምክንያቱ ኢንቴሮቫይረስ 70 የተባለ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ጨረቃንና የዓይን ሕመምን ያገናኘው ሕዝብ ሞኝ ሆኖ አልነበረም። ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሲታመም ምክንያቱን ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ባየው ነገር ውስጥ መፈለግ የሰው ጠባይ ነው። እኛም ኅዳር ላይ ጭሱን የምንወቅሰው ስለዚሁ ነው።

እስካሁን ያነሳነው ዓይነት በሽታ ያሰቃያል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ በራሱ ይድናል። ክርክሩ ጠንካራ ሆኖ የሚቆመው ኩፍኝ ላይ ስንደርስ ነው። ኩፍኝ በሽፍታው ይታወቃል፤ ሽፍታው ግን የመጀመሪያው ምልክት አይደለም። ልጁ መጀመሪያ ያተኩሳል፣ ያስለዋል፣ ንፍጡ ይወርዳል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ያነባል፣ ብርሃን ይሸሻል። ሽፍታው ከጆሮ ጀርባና ከፊት ጀምሮ የሚወርደው ከሦስት ወይም ከአራት ቀናት በኋላ ነው። ልጁ ወደ ሌሎች የሚያስተላልፈው ደግሞ ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን አስቀድሞ ጀምሮ ነው። እንግዲህ ዓይኑ ቀልቶ «ብርድ መቶት ነው፣ ጭስ ነው» በሚባልበት ሰዓት ልጁ ጎረቤት ልጆች ጋር ይጫወታል፣ በንግሡ ቀን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ በሕዝብ መካከል ይውላል። የጤና ባለሙያዎች ኩፍኝን ለመጠርጠር የሚጠቀሙበት መመዘኛ ራሱ ይህን ያውቃል፦ ትኩሳትና ሽፍታ ያለው፣ ከሳል፣ ከንፍጥ ወይም ከዓይን መቅላት ቢያንስ አንዱ የታየበት ሰው ይላል። የዓይን መቅላት እዚያ ውስጥ የገባው ለጌጥ አይደለም።

ኩፍኝ ዓይንን የሚጎዳውም በመልእክተኛነት ብቻ አይደለም። በሽታው በሰውነት ውስጥ ያለውን ቫይታሚን ኤ ያሟጥጣል፤ ቀድሞውንም በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ከሆነ ኮርኒያው፣ ማለትም የዓይንን ጥቁር ክፍል ከፊት የሚሸፍነው መስታወት መሰል አካል፣ ይደርቅና ይቆስላል፤ ሲድን ነጭ ጠባሳ ይተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ኩፍኝ ለያዘው ልጅ ሁሉ በሁለት ተከታታይ ቀናት ቫይታሚን ኤ እንዲሰጥ የሚመክረው ለዚህ ነው፤ ዓመት ለሞላው ልጅ በየቀኑ 200,000 ዩኒት። ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል፣ ጥቅሙ የልጅን ብርሃን የሚያተርፍ ነው። የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝ ወር ይሰጣል፤ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም በዐሥራ አምስት ወር ሁለተኛው ተጨምሯል። ብዙ እናቶች ኩፍኝ የያዘውን ልጅ ከብርሃን ከልለው ጨለማ ክፍል ያስተኙታል፤ ብርሃን ስለሚያሠቃየው ማድረጋቸው በራሱ ክፉ አይደለም። ጉዳቱ ጨለማው ክፍል የጤና ጣቢያውን ቦታ ሲወስድ ነው።

ሁለተኛው ከባድ ማስረጃ የሚገኘው ሕዝቡ ራሱ ስም ባወጣላቸው ሁለት በሽታዎች ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ምች የምንለው ነው። ምች ብዙ ነገር ያቅፋል፤ ከትኩሳት በኋላ በከንፈር ላይ የሚወጣው ውሃ የቋጠረ ቁስል ግን አብዛኛውን ጊዜ ሄርፐስ የሚባለው ቫይረስ ሥራ ነው። ፀሐይ ምች ይቀሰቅሳል የሚለው የአባቶች አባባል ከእውነት የራቀ አይደለም፤ በነርቭ ውስጥ ተኝቶ የሚኖረውን ይህን ቫይረስ ኃይለኛ ፀሐይና ትኩሳት እንደሚቀሰቅሱት ሕክምናውም ያረጋግጣል። ዳማከሴ ጨምቆ ማሽተትና መጠጣትም ማንንም አያሳውርም። አደጋው ቫይረሱ ወደ ዓይን ሲሄድ ነው። ያን ጊዜ አንድ ዓይን ብቻ ይቀላል፤ ያማል፤ ብርሃን ያስፈራዋል፤ እይታው ይደበዝዛል። የዓይን ሐኪሙ ብርቱካናማ ቀለም የተነከረች ቀጭን ወረቀት የታችኛው ቆብ ላይ ያስነካል፤ ሰማያዊ መብራት ሲያበራ በኮርኒያው ላይ ደማቅ አረንጓዴ መስመር ይወጣል፤ መስመሩ ቅርንጫፍ ያወጣ ነው፤ በየጫፉም ትንንሽ እምቡጥ ይቋጥራል። ይህን ያየ ሐኪም ቫይረሱን በስሙ ያውቀዋል፤ የሚያክመው መድኃኒትም አለ። ነገር ግን ያው ሰው አስቀድሞ መድኃኒት ቤት ጎራ ብሎ «ለቀላ ዓይን የሚሆን ጠብታ» ብሎ ጠይቆ ቢሆንና ዴክሳሜታሶን ያለበት ጠብታ ቢሰጠው፣ ዓይኑ ለሁለት ለሦስት ቀን ይነጣለታል፤ ሕመሙም ይቀልለታል። ከሥር ግን መከላከያውን ያጣው ኮርኒያ ለቫይረሱ ተጋልጦ ቁስሉ ይሰፋል። በዚህ መንገድ ዓይን ይጠፋል። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ዓይኑ የሚጠፋው በሽተኛው የተሻለው በመሰለው ሳምንት ውስጥ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው አልማዝ ባለጭራ ነው። በልጅነት ፈንጣጣ የሚመስል ጉድፍ አውጥቶ የዳነ ሰው ውስጥ ተደብቆ የቆየው ቫይረስ ከዓመታት በኋላ በአንድ ወገን ብቻ፣ የነርቩን መንገድ ተከትሎ፣ በሚያቃጥል ሽፍታ ይወጣል። በግንባርና በዓይን ዙሪያ ከወጣ፣ በተለይም የአፍንጫው ጫፍ ላይ ከታየ፣ ያው ነርቭ ዓይኑንም ስለሚያገለግል ዓይኑ የመነካቱ ዕድል ከፍ ያለ ነው። መድኃኒቱ አሲክሎቪር ሲሆን በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ለአዲስ አበባ ግን ይህ በሽታ ሌላም ትርጉም ነበረው። በ1997 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያውያን የዓይን ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት ዓይናቸው አካባቢ አልማዝ ባለጭራ ከወጣባቸው ሕሙማን እጅግ የሚበዙት ኤችአይቪ በደማቸው እንዳለ አሳየ። ነፍሳት ነክቶት ነው እየተባለ የታለፈው ሽፍታ የሌላ፣ የከበደ ቫይረስ አብሳሪ ነበር ማለት ነው። በዚያ ዘመን እንጦጦ ጸበል ፍለጋ የወጣው ሕዝብ ስንት እንዲህ ያለ ዓይን ይዞ እንደወጣ ማሰብ ልብ ይነካል። በጊዜው ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉና የኤችአይቪው መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ መናገራቸው ለዚህ ዳገት ሰዎች ትልቅ ነገር ነበር፤ ዛሬም ለዓይን ሕመም ጸበል የሚሄድ ሰው ሐኪምም ቢያየው እምነቱ የሚጎድልበት ነገር የለም።

አሁን የመጀመሪያውን ጠንካራ ተቃውሞ እንስማ። «ኢትዮጵያ ውስጥ የዓይን ጠላት ቫይረስ አይደለም፤ ትራኮማና ሞራ ነው» የሚል ሰው በእጁ ማስረጃ አለው። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶ ሰው 1.6ቱ ዓይነ ስውር መሆኑን፣ ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ መምጣቱን አሳይቷል። ትራኮማን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው፤ አገራችንም ከዓለም ከባዱን ሸክም ከተሸከሙት አንዷ፣ ምናልባትም ቀዳሚዋ ናት፤ ከክልሎችም አማራ ክልል ክፉኛ ተጎድቷል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ያው ጥናት ግን ከትራኮማ ውጭ በሆነ የኮርኒያ ጠባሳ የመጣው ስውርነት 7.8 በመቶ መሆኑንም ይናገራል። የኩፍኝ፣ የቫይታሚን ኤ እጥረት፣ የሄርፐስና የአደጋ ጠባሳ የሚደመረው እዚያ ውስጥ ነው፤ ትንሽ ቁጥርም አይደለም። ከዚህ ሌላ የትራኮማ ዘመቻው መልካም ሥራ ሳያስበው አንድ ልማድ ትቷል፤ ዓይን ሲቀላ ቴትራሳይክሊን ቅባት መቀባት። ያቺ ትንሽ ቱቦ በብዙ ቤት መስኮት ላይ አለች፤ አንዱ የተቀባበትን ጫፍ ሌላው ዓይኑ ላይ ያስነካዋል። ቅባቱ ቫይረስ አይገድልም፤ የጋራ ቱቦው ግን ቫይረስ ያዞራል። ዘመቻው ያስተማረው ሌላው ነገር፣ ፊትን መታጠብ፣ ለሁለቱም በሽታ ይሠራል፤ ያንን አጥብቀን ብንይዝ ኖሮ ክርክሩ ግማሹ ባለቀ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል። «ቫይረስ ከሆነ መድኃኒት የለውም፤ ማወቁ ምን ይረባል?» ለአዴኖቫይረስ ይህ እውነት ነው፤ የሚያድነው ጊዜ ነው። ሆኖም ማወቁ መድኃኒት ባይሰጥም ውሳኔ ይሰጣል፤ ፎጣ መለየት፣ ልጁን ከትምህርት ቤት ጥቂት ቀን ማቆየት፣ ቅባቱን አለመግዛት፣ ዴክሳውን አለመንካት። ለሄርፐስና ለአልማዝ ባለጭራ መድኃኒት አለ፤ ለኩፍኝ ቫይታሚን ኤና የጎረቤት ልጆችን መከተብ አለ። «መድኃኒት የለውም» የሚለው ቃል ሁሉንም ቫይረስ አንድ አድርጎ ሲሸፍን የሚድነውንም አብሮ ይቀብራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ፍርሃት መንዛት ነው የሚል ነው፤ ይህም በማስረጃ ሊደገፍ ይችላል። ኮቪድ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ውስጥ መገኘቱ ከመነገሩ ጥቂት ሳምንታት በፊት የዓለም ጤና ድርጅትና የቻይና የጋራ ቡድን ባወጣው ሪፖርት ከ55,924 ሕሙማን መካከል የዓይን መቅላት የታየባቸው 0.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። በኋላ ዓይንን ለይተው የመረመሩ ጥናቶች ከዚያ በብዙ ከፍ ያለ ቁጥር አገኙ፤ ያም ሆኖ ከትኩሳትና ከሳል ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ስለ አዲሱ በሽታ ጓደኞቹን ያስጠነቀቀውና በበሽታው የሞተው የዉሃኑ ሐኪም ሊ ዌንሊያንግ የዓይን ሐኪም መሆኑ ሲታወቅ በየአገሩ ያሉ የዓይን ሐኪሞች መነጽርና ጭምብል ማድረግ ጀመሩ። ትምህርቱ ሁለት አፍ አለው። ቀይ ዓይን ያለው ሁሉ ኮቪድ አለበት ማለት ሐሰት ነው፤ ከሕመምተኛ ዓይን ጋር ፊት ለፊት መቀመጥ አደጋ የለውም ማለትም ሐሰት ነው።

ከዚያ የከፋውን ያየነው በ2018 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 5፣ የቁስቋም ንግሥ ዋዜማ፣ የማርበርግ ቫይረስ ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጂንካ መገኘቱ ተረጋገጠ። ናሙናውን መርምሮ ያረጋገጠው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ ከቁስቋም ቁልቁል እዚያው ጉለሌ ውስጥ ያለው፣ ሕዝቡ ዛሬም ፓስተር የሚለው ግቢ። ከ1960 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 30,000 ሰው ገደለ ተብሎ የሚገመተውን የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ያጠኑትም የዚያው የፓስተር ተመራማሪዎች ነበሩ፤ በዚያ በሽታም ዓይን መጀመሪያ ቀልቶ በኋላ ቢጫ ይሆናል። ማርበርግ በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመንና ቤልግሬድ ውስጥ ሲታወቅ ከተያዙት 31 ሰዎች 7ቱ ሞተዋል፤ ሐኪሞቹ ካስመዘገቧቸው የመጀመሪያ ቀናት ምልክቶች አንዱም የዓይን መቅላት ነበር። የማርበርግ ዘመድ የሆነው ኢቦላ ደግሞ ሰው ከዳነ በኋላ እንኳ ዓይን ውስጥ ተደብቆ መቆየት ይችላል፤ በሴራሊዮን ሲያገለግል የተያዘው አሜሪካዊ ሐኪም ኢያን ክሮዚየር ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ በዓይኑ ፈሳሽ ውስጥ ቫይረሱ ተገኘ፤ ሰማያዊ የነበረው ዓይኑም ለጊዜው አረንጓዴ ሆነ። ይህን ስንሰማ ቁስቋም ውስጥ ዓይኑ የቀላ ሁሉ ማርበርግ ነው ወደሚል ድንጋጤ መሄድ የለብንም። ልዩነቱን የሚያመጣው ታሪኩ ነው፦ ድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስና ተቅማጥ አብረው አሉ? ሰውየው በሽታው ካለበት አካባቢ መጥቷል? በእንዲህ ያለ በሽታ የሞተ ሰው ታምሞ ሳለ አስታሟል፣ ሲሞትም ገንዟል? መልሱ አይደለም ከሆነ ዓይኑ የጭስ ዓይን ሊሆን ይችላል። አዎ ከሆነ ግን ቀይ ዓይኑ ከሌሎቹ ምልክቶች ጋር ተደምሮ ሰውየውን ለብቻው ማቆየትን፣ 8335 ወይም 952 ደውሎ መናገርን ይጠይቃል።

ስለዚህ በእኔ ፍርድ የቀላን ዓይን ከታሪኩ ጋር አብሮ የማየት አካሄድ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደውን ሰው ከማብዛት ይልቅ ይለየዋል። ሁለቱ ዓይኖቿ ከምጣድ ስትነሳ የሚቀሉ፣ ስትታጠብ የሚነጡ እናት ከሐኪም ይልቅ ጭስ ማውጫ ያስፈልጋታል። ዓይኑ እንደ ውሃ እያነባ፣ ሳያመው፣ እይታው ሳይደበዝዝ፣ ጉንፋን ይዞት የሰነበተ ጎረምሳ የራሱ ፎጣ ይዞ ቤቱ ቢያርፍ ይበቃዋል። ዓይኑን የሚያመው፣ ብርሃን መቋቋም ያቃተው፣ እይታው የቀነሰ፣ ፊቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ሽፍታ የወጣበት፣ ትኩሳትና ዓይን መቅላት አንድ ላይ የያዘው ልጅ፣ በተወለደ በአንድ ወር ውስጥ ዓይኑ የቀላ ሕፃን ግን ቀን ሳይቆጠርለት መታየት አለበት። እነዚህን ሰዎች ለይቶ ለመጠየቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ መድኃኒት ቤት ጠረጴዛ ጀርባ ያለው ወጣት፣ የመጀመሪያ ክፍል መምህሯ ሊጠይቁ ይችላሉ፦ አንዱ ነው ሁለቱም? ያሳክካል ወይስ ያማል? ትኩሳት አለ? ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ አለ? መድኃኒት ቤቱ በተለይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዴክሳሜታሶን ያለበትን ጠብታ ባለመስጠት ብቻ ብዙ ዓይን ያተርፋል።

አንድ ነገር ግን ለቤተሰቡ ብቻ የሚተው አይደለም። አዴኖቫይረስን አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃ እንደሌሎቹ ቫይረሶች በቀላሉ አይገድለውም፤ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ታሽቶ ከእጅ መውረዱ ይሻላል። ፊት መታጠቡም፣ ፎጣና የትራስ ልብስ ቶሎ ቶሎ ማጠቡም ውሃ ይፈልጋል። በዳገቱ ላይ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ፣ ያውም ሌሊት ላይ፣ አንድ ጀሪካን ለወጥ፣ ለቡና፣ ለልብስና ለስድስት ሰው ፊት ይከፋፈላል። በእንዲህ ያለ ቤት አንድ ሳፋ ውሃ ለሁሉም ልጆች ፊት ማስታጠቢያ ቢሆን እናትየውን መውቀስ አይገባም። ማድረግ የምትችለው ሳፋውን ትታ በጆግ እያፈሰሰች ማስታጠብ፣ የታመመውን ልጅ መጨረሻ ላይ ማድረግ፣ ፎጣውን በሌላ ችንካር ላይ መስቀል ነው። የቀረውን፣ ኅዳር ከመግባቱ በፊት ለላይኛው ሰፈር የውሃ ፈረቃውን ማጥበብና ያልተከተቡ ልጆችን ቤት ለቤት መቁጠር፣ ወረዳው ሊሠራው ይገባል።